ሕያው ሕዋስን በሱፐር ሪዞሉሽን ማይክሮስኮፕ በፍጥነት ሲቀርጹ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 ናኖሜትር ገደማ በታች የተጠጋጉ ነገሮችን ለይቶ አያሳይም። ይህን ገደብ ሱፐር ሪዞሉሽን በሚባሉ ዘዴዎች የጣሱት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2014 በኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። ዘዴዎቹ ግን ጊዜ ይፈጃሉ፤ ስህተቱም የሚበዛው ያን ጊዜ ለማሳጠር ሲጣደፉ ነው።

የመጀመሪያው፣ እኔንም አብዝቶ የሚያሳስበኝ፣ የካሜራውን ፍጥነት የምስሉ ፍጥነት አድርጎ መቁጠር ነው። ስቶርም በተባለው ዘዴ ሞለኪውሎች በየተራ ብልጭ ይላሉ፤ የእያንዳንዳቸው ቦታ እየተለካ አንድ ምስል ከብዙ ሺህ ፎቶዎች ይገነባል። ካሜራው በሰከንድ 100 ፎቶ ቢያነሳና ለምስሉ 10,000 ቢያስፈልግ፣ ምስሉ የ100 ሰከንድ ነው። በሰከንድ 10 ናኖሜትር ብቻ የሚንፏቀቅ ሚቶኮንድሪያ (የሕዋሱ ኃይል አመንጪ ክፍል) በዚያ ጊዜ 1,000 ናኖሜትር ይጓዛል። ታዲያ 20 ናኖሜትር ለየሁ ማለት ምን ትርጉም አለው? አስቀድመው የሚያዩት ነገር እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ይለኩ፤ የምስሉን ጊዜ ከዚያ ተነስተው ይወስኑ።

ሁለተኛው ፎቶ መቀነስ ነው። ነጥቦቹ ሲሳሱ ያልተቋረጠ ክር የተበጣጠሰ ይመስላል፤ መበጣጠሱን የሕዋሱ ባሕርይ ነው ብሎ የሚጽፍም አይጠፋም።

ሦስተኛው ብዙ ሞለኪውሎችን በአንድ ጊዜ ማብራት ነው። ሁለት ጎረቤታሞች አብረው ሲበሩ ብርሃናቸው ይደራረባል፤ ኮምፒውተሩም በመካከላቸው፣ ምንም በሌለበት ቦታ፣ አንድ ነጥብ ያስቀምጣል። ተደራራቢ ብርሃንን የሚነጥሉ ስሌቶች አሉ፤ ቅርጹ አስቀድሞ በሚታወቅ ናሙና ሳይፈትኑ ግን አይመኑዋቸው።

ሌዘሩን ማጠንከርም ያታልላል። ብልጭታው ይፈጥናል፣ ሕዋሱ ግን ይጎዳል። ሚቶኮንድሪያው እየተቆራረጠ ክብ ክብ ሲሆን ካዩ፣ የሚቀርጹት ጉዳቱን ሊሆን ይችላል። ሌዘር ያልነካው ሕዋስ ሁልጊዜ ለማነጻጸሪያ ይኑርዎት። ሌዘሩን ሳይነኩ የፎቶውን ጊዜ ብቻ ማሳጠርም ዋጋ አለው፦ የሚሰበሰቡት የብርሃን ቅንጣቶች (ፎቶኖች) ወደ ሩብ ሲወርዱ የቦታ ልኬቱ ስህተት ቢያንስ እጥፍ ይሆናል።

ተደራራቢ ፎቶዎችን እያንሸራተቱ የሚሠሩት ቪዲዮ ለስላሳ ቢመስልም፣ የጊዜ ጥራቱ ያው የአንዱ ምስል ርዝመት ነው።

ስቴድን፣ ማለትም ናሙናውን በሌዘር ነጥብ በነጥብ የሚቃኘውን ዘዴ፣ የሚጠቀሙ ደግሞ ሰፊ ቦታ ባይቃኙ ይሻላል፤ ለዚያው ስፋት የፒክሰሉ ጎን በግማሽ ሲያንስ ጊዜው አራት እጥፍ ያድጋልና። ጥያቄዎ በ100 ናኖሜትር ገደማ የሚመለስ ከሆነም ስቶርምን ይተዉት፤ ናሙናውን በባለ መስመር ጥለት ብርሃን የሚያበራው ሲም የተባለው ዘዴ በተለምዶ 9 ፎቶ ብቻ ይበቃዋል።