በየወሩ እኩል የማይገባን የልጅ ቀለብ ወደ ቋሚ ገቢ መለወጫ ዘዴ

ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ወላጆችን በጀት ክፉኛ ከሚያናጉ ነገሮች አንዱ፣ ከሌላው ወላጅ የሚላከው የልጅ ቀለብ አንዳንድ ወር ሙሉውን፣ ሌላ ወር በከፊል ገብቶ፣ አልፎ አልፎም ጭራሽ መቅረቱ ነው። ለዚህ የሚረዳው፣ ቀለቡ እንደገባ ለቤት ወጪ ከማዋል ይልቅ ለብቻው በተከፈተ የቁጠባ ሒሳብ ማስቀመጥና ከዚያ ላይ በየወሩ በአንድ ቀን እኩል መጠን ብቻ ማውጣት ነው።

መጠኑን ለመወሰን ያለፉትን 6 ወራት ገቢ ደምሮ ለ6 ማካፈል፣ ከአማካዩም ሩቡን መቀነስ ይበቃል። ለምሳሌ በተከታታይ የገባው 4,000፣ 0፣ 3,000፣ 4,000፣ 1,000 እና 0 ቢሆን፣ አማካዩ 2,000 ስለሆነ በየወሩ የሚወጣው 1,500 ይሆናል። ገንዘቡ በዚህ ቅደም ተከተል ሲገባ ሒሳቡ በየትኛውም ወር ባዶ አይሆንም፤ በ6ኛው ወር መጨረሻም 3,000፣ ማለትም የ2 ወር ወጪ ይተርፋል። ዘዴው የሚሠራው የደህናው ወር ትርፍ የባዶውን ወር ጉድለት አስቀድሞ ስለሚሸፍን ነው። ከዚህም በላይ፣ መቼ ምን ያህል እንደተከፈለ የሚያሳይ የባንክ መዝገብ በእጅ ይኖራል፤ በእኔ እምነት ክርክር ሲነሳ ይህ ብቻውን ሒሳቡን ለመክፈት በቂ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ቀለቡ ካልተነካ የዕለት ምግብ ወይም የቤት ኪራይ የሚጎድል ከሆነ፣ ወይም ከፍተኛ ወለድ የሚታሰብበት ዕዳ ካለ፣ ቅድሚያ ለእነዚያ መስጠት ይገባል። ሒሳቡም ከቀድሞ የትዳር አጋር ጋር የጋራ መሆን የለበትም።