ቦታችሁ ለልማት ይነሳል ከተባላችሁ የካሳውን ክርክር እንዴት ትይዙታላችሁ

መጀመሪያ ይሄን እወቁ፣ በህገ መንግስቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግስትና የህዝብ ስለሆነ «ቦታው በገበያ ይሄን ያህል ያወጣል» የሚለው ክርክር ሩቅ አይወስድም። ጉልበታችሁን ቤቱ፣ አጥሩ፣ ዛፉ፣ ጉድጓዱ፣ ሰብሉ ላይ አድርጉት። ካሳ ደግሞ በቅድሚያ መከፈል እንዳለበት እዛው አንቀጽ ላይ አለ።

ደብዳቤ ሲመጣ የደረሳችሁን ቀን ጽፋችሁ ፈርሙ። ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ፣ ገጠር ከሆነ የመሬት ደብተር ኮፒ አድርጉ።

ዋናው ነገር የንብረት ቆጠራው ነው። ሰው ሁሉ የካሳው ብር ሲነገረው ነው የሚነቃው፣ ያኔ ግን ፎርሙ ተፈርሟል። የማውቃቸው አንድ አባት የውሃ ጉድጓዳቸው ሳይቆጠር ፈረሙ፣ ቤቱ ፈርሶ ጉድጓዱም ተደፍኖ በምን ያስረዱ! ስለዚህ ገማቾቹ ከመምጣታቸው በፊት ግቢውን ጥግ በጥግ በስልክ ቅረጹ፣ ዛፎቹን በየአይነታቸው ቁጠሩ፣ የቤቱን ስፋት ለኩ፣ ሲቆጥሩም አብራችሁ ዙሩና ሁለት ጎረቤት ይገኝ። የቀረ ነገር ካለ ከፊርማችሁ ጎን «ይሄ አልተቆጠረም፣ ቅሬታ አለኝ» ብላችሁ ጻፉ። በኋላ ይስተካከላል የሚል የቃል ተስፋ እኔ በፍጹም አልቀበልም፣ እናንተም አትቀበሉ።

የገጠር ይዞታ በቋሚነት ሲለቀቅ አዋጅ 1161/2011 የልማት ተነሺ ካሳውን (ከንብረቱ ካሳ ሌላ፣ ከይዞታችሁ ለመነሳታችሁ የሚከፈለውን) ካለፉት 3 አመታት ከፍተኛውን የአመት ገቢ በ15 አባዝቶ ነው ያስቀመጠው፣ ስለዚህ ምርት የሸጣችሁበትን ማንኛውንም ወረቀት አትጣሉ።

ገንዘቡን አልቀበልም ብሎ ቤት መቀመጥ ስራውን አያቆመውም፣ የይግባኙን ቀን ነው የሚበላባችሁ። ቀጥታ ፍርድ ቤት መሮጥም እንዲሁ፣ መዝገቡ ይዘጋና ትመለሳላችሁ። መጀመሪያ አቤቱታ ሰሚ አካል፣ ቀጥሎ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዛ ነው ፍርድ ቤት። 1161 ለአቤቱታ የሰጠው 30 ቀን ነበር፣ ግን አዋጁ በ1336/2016 ስለተሻሻለና ክልሎችም የራሳቸው መመሪያ ስላላቸው ደብዳቤው በደረሳችሁ በማግስቱ ቀኑን ጠይቃችሁ አረጋግጡ። አቤቱታውን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥርና ማህተም ያለበት ቅጂ ውሰዱ፣ መልሱንም በጽሁፍ ጠይቁ፣ ምክንያቱም ይግባኝ የሚባለው በተጻፈ ውሳኔ ላይ ነው። ጠበቃ የምትይዙ ከሆነ አቤቱታው ከመጻፉ በፊት ያዙ፣ እዛ ላይ ያልተነሳ ነጥብ ይግባኝ ላይ ማንሳት ከባድ ነው።