ለባስ አጥማጆች ዘንግ ስትነድፉ ከእነዚህ ስህተቶች ራቁ

ጅማ ተቀምጦ ለባስ አጥማጅ ዘንግ መንደፍ ለብዙ ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ባስ የሰሜን አሜሪካ አሳ ነው። ከግልገል ጊቤ ግድብ የሚወጣልን ቢልጫና ቆሮሶ ነው። ግን ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ የአገራችን ልጆች ፖቶማክ ወንዝ ላይ ባስ ያጠምዳሉ። ለዘመድ ጥየቃ ሲመጡ ደግሞ ዘንጋቸውን እኛ ጋ ያሠራሉ። ብላንኩ፣ ማለትም እጀታም፣ ክር የሚያልፍበት ቀለበትም የሌለው ባዶ ዘንግ፣ ከውጭ ይመጣል። ርዝመቱን፣ እጀታውን፣ የቀለበቶቹን ቦታና ሚዛኑን የምንወስነው እኛ ነን።

የሚያግዙኝ ወጣቶች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ስህተቶቹ ግን ያው ናቸው። ጎበዝ ልጆች ናቸው፤ እጃቸውም ፈጣን ነው። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት።

ዘንጉን ለአሳው መንደፍ

አዲስ የመጣ ልጅ ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ባስ ስንት ኪሎ ይሆናል?»

እሺ፣ ልንገራችሁና ይለፍልኝ። ትልቁ የተመዘገበው 10 ኪሎ ገደማ ነው። ጆርጅ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1932 ጆርጂያ ውስጥ ያዘው። ማናቡ ኩሪታ በ2009 ጃፓን፣ ቢዋ ሐይቅ ላይ የሚስተካከለውን እስኪያወጣ ድረስ 77 ዓመት አለፈ። የእናንተ ደንበኛ ቅዳሜ ጠዋት ወጥቶ የሚይዘው አንድ ኪሎ፣ ቢቀናው ሁለት ኪሎ ነው። ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላም ልጁ ሄዶ ሞፈር የሚያክለውን ብላንክ ያነሳል። «ጠንከር ይበል፣ እንዳይሰበር» ይላል።

እንዳይሰበር! ሰውየው እኮ ግንድ ሊጎትት አይደለም የሚወጣው። አሳው ዘንጉ ላይ የሚቆየው ለደቂቃ ወይም ለሁለት ደቂቃ ነው። የቀረውን ቀን ሙሉ ሰውየው ይወረውራል፣ ይጠቀልላል፣ እንደገና ይወረውራል። ዘንግ የመወርወሪያና የመስሚያ ዕቃ ነው። አሳውን የሚያደክመው የሪሉ፣ ማለትም ክሩ የሚጠቀለልበት ዕቃ፣ ፍሬን ነው። ፍሬኑ በልክ ከተስተካከለ ክሩ ሳይበጠስ እየለቀቀ አሳውን ያለፋዋል።

አሠራሩን አስቡት። ሰውየው ክንዱን ወደ ኋላ ሲመልስ የሉሩ፣ ማለትም አሳውን የሚያታልለው ሰው ሠራሽ ማባበያ፣ ክብደት ጫፉን ይጎትተዋል፤ ዘንጉ ይታጠፋል። ወደ ፊት ሲወረውር ያ እጥፋት ይፈታና ሉሩን ያስፈነጥረዋል። 10 ግራም ሉር ወፍራም ዘንግ ላይ ስታስሩ ጫፉ ንቅንቅ አይልም። የሚፈታ እጥፋት የለም። ስለዚህ ሰውየው በትከሻው ይወረውራል። ሉሩ ቅርብ ይወድቃል፣ የሪሉ ከበሮ ግን መዞሩን አያቆምም፣ ክሩ ተተብትቦ ቁጭ። ማታ ላይ ትከሻውን እያሸ ይረግማችኋል።

መስማቱም አለ። ባስ የላስቲክ ትል ሲወስድ ብዙ ጊዜ አፉን ከፍቶ ከውኃው ጋር ይስበዋል እንጂ አይነጥቅም። እጅ ላይ የምትደርሰው አንዲት ትንሽ ቲክ ናት። ወፍራምና ከባድ ዘንግ ያችን ቲክ ይውጣታል። ሰውየው መነካቱን ሳያውቅ አሳው ሉሩን ተፍቶት ይሄዳል።

አንድ ደንበኛ ለቀላል የላስቲክ ትል የሚሆን ዘንግ አዘዘን። የሠራው ልጅ «ለክፉም ለደጉም» ብሎ ሁለት ደረጃ አጠነከረው። ሰውየው ወስዶ ሞከረና ደወለ። በጣም ጨዋ ሰው ነው። «እናቴ ማና ወረዳ ናቸው፤ ጦጣ ከበቆሎው ያባርሩበታል» አለኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ ምን ዓይነት ሉር? ስንት ግራም? ሁለተኛው ከየት ሆኖ እንደሚወረውር ነው። የአሳውን ኪሎ ጨርሶ ባትጠይቁም ዘንጉ ይሠራል።

ግማሹን ብቻ መመዘን

የሉሩ ካርቶን ላይ 3/8 አውንስ ተብሎ ተጽፏል፤ 10 ግራም ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። ልጁ ይህን ይዞ ዘንግ ይመርጣል። ግን ያ የጂጉ፣ ማለትም ከባድ ራስ ያለው መንጠቆ፣ ብቻ ክብደት ነው። አጥማጁ መንጠቆው ላይ የላስቲክ ክሬይፊሽ ወይም ጭራ ይጨምርበታል፤ በአንዴ 15 ግራም እና ከዚያ በላይ ይገባል። ውኃ ውስጥ የሚገባውን ሁሉ አንድ ላይ አስራችሁ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። በነገራችን ላይ አውንሱ የሉሩ ክብደት ነው፤ ዘንጉ ላይ በፓውንድ የተጻፈው ደግሞ የክሩ ጥንካሬ ነው። ሁለቱን የሚያደባልቅ አሁንም አይጠፋም።

ጥንካሬንና አስተጣጠፍን አንድ ማድረግ

ጥንካሬ ማለት ዘንጉን ለማጠፍ ምን ያህል ክብደት ያስፈልጋል ነው። አስተጣጠፍ ማለት የቱ ጋ ይታጠፋል ነው። ጫፉ ላይ ብቻ የሚታጠፍ ለስላሳ ዘንግ አለ፤ ከወገቡ የሚታጠፍ ጠንካራም አለ።

ባስ ላይ ይህ ልዩነት አሳ ያስይዛል፣ አሳ ያስመልጣል። ክራንክቤይት የሚሉት፣ አገጩ ላይ ምላስ ያለውና ሲጎተት እየተወዛወዘ የሚጠልቀው ሉር፣ ባለ ሦስት ጥርስ ትናንሽ መንጠቆዎች አሉት። እነዚህ ብዙ ጊዜ ከንፈር ላይ በስሱ ነው የሚይዙት። ዘንጉ ደረቅ ከሆነ አሳው ራሱን ሲያራግፍ ይነቀላሉ። ስለዚህ ከመሃሉ የሚታጠፍ፣ ፋይበርግላስ ወይም ቅልቅል ዘንግ ይሻላል። ጂግና የላስቲክ ትል ደግሞ ተቃራኒው ናቸው። መንጠቆው አንድና ወፍራም ነው፤ ትሉን በስቶ የአሳውን አፍ መብሳት አለበት። እዚያ ጫፉ ላይ ብቻ የሚታጠፍ፣ ወገቡ ጠንካራ ዘንግ ያስፈልጋል።

«ለሁሉም የሚሆን አንድ ዘንግ» የሚል ደንበኛ ከመጣ አትሳቁበት። አብዛኛውን ጊዜ የቱን ሉር እንደሚወረውር ጠይቁትና ለዚያ ሥሩለት። ሌላው ላይ ትንሽ ይቸገራል፤ ይወቀው።

ጽሑፉን ማመን

ብላንኩ ላይ የጥንካሬው ደረጃ «ሚድየም ሄቪ» ይላል። በማን መለኪያ? ሁሉም ፋብሪካ የሚስማማበት ልኬት የለም። የአንዱ ሚድየም የሌላው ሚድየም ሄቪ ሊሆን ይችላል። ብላንኩ የተሠራበት የካርቦን ቶንም እንደዚሁ ነው። 40 ቶን ከ24 ቶን ይበልጣል ብሎ መዝለል የለም። ቁጥሩ የቃጫውን ድርቀት ነው የሚነግራችሁ። ደረቁ ቃጫ ቀላል ዘንግ ይወጣዋል፤ ግን ጀልባ ጠርዝ ላይ ኮሽ ሲል ይሰነጠቃል።

ዊልያም ሃነማን የሚባል አሜሪካዊ ለዚህ ቀላል መላ አበጅቷል። ዘንጉን በእጀታው አግድም ታስራላችሁ። ጫፉ ላይ ከረጢት ታንጠለጥላላችሁ። ጫፉ የዘንጉን ርዝመት አንድ ሦስተኛ ያህል እስኪወርድ ድረስ ክብደት ትጨምራላችሁ። እሱ የአሜሪካ ሳንቲም ይቆጥር ነበር፤ እያንዳንዱ 2.5 ግራም ነው። እኛ ጥሬ ቡና ከተን ከረጢቱን በኩሽና ሚዛን እንመዝነዋለን። ጅማ ውስጥ ቡና አይጠፋም። እዚያው እያለ የጫፉን ማዕዘን ለኩ፤ ማዕዘኑ በሰፋ ቁጥር ዘንጉ የሚታጠፈው ወደ ጫፉ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ደብተር ላይ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ያሻውን ይበል።

ቀለበትና ኢፖክሲ

ቀለበት ሲያንስ ዘንጉ በታጠፈ ጊዜ ክሩ ብላንኩን ይነካል፤ በተለይ ሪሉ ከላይ በሚቀመጥበት ዘንግ ላይ። ስለዚህ ቀለበቶቹን ለጊዜው በፕላስተር አስሩ፣ ክሩን አሳልፉ፣ ጫፉን ጎትታችሁ አጥፉትና የክሩን መንገድ እዩ። በየፉቱ አንድ፣ ሲደመር አንድ የሚለው የተለመደ ሕግ መነሻ ይሁናችሁ። የ7 ፉት ዘንግ 8 ይሆናል ማለት ነው፤ ከዚያ በላይም ሊሻል ይችላል። ሪሉ ከታች በሚንጠለጠልበት ዘንግ የመጀመሪያው ቀለበት ሰፊና ረጅም ይሁን፤ ክሩ እየተጥመለመለ ነው የሚመጣው።

ኢፖክሲ፣ ማለትም ከሁለት ክፍል የሚቀላቀለውን ሙጫ፣ ማብዛት ግን የማያልቅ በሽታ ነው። «እንዳይነቀል» እያሉ ጫፉ ላይ ይከምሩታል። ጫፉ ላይ የምትጨምሩት ጥቂት ግራም የዘንጉን ሕይወት ይገድለዋል፤ ካወዛወዛችሁት በኋላ ቶሎ አይቆምም። ስስ አድርጉት። ሁለቱን ክፍሎች በዓይን ግምት አትቀላቅሉ፤ የእኛው እኩል በእኩል ነው፣ ለየብቻ ሲሪንጅ ያዙለት። የጅማ ክረምት ደግሞ ለኢፖክሲ ጠላት ነው። እርጥበት ሲበዛ ላዩ ነጣ ይልና ይደበዝዛል። በሩን ዝጉ፣ ክፍሉን ሞቅ አድርጉ፣ ዝናብ በሚያወርድበት ከሰዓት አትጀምሩ። እስኪደርቅ ድረስ ዘንጉ ቀስ እያለ መዞር አለበት፤ አለዚያ ወደ አንድ ጎን ይንጠባጠባል። ሞተሩ እየዞረ መብራት ሲጠፋስ? ያኔ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ ያዞራል። «መብራት ጠፋ» ምክንያት አይሆንም። መብራት እንደሚጠፋ እያወቅን ነው የጀመርነው።

«እጅህ ይባረክ» ሲባል ማመን

ከቴክኒኩ ሁሉ በላይ ዘንግ የሚያበላሽብን ይሉኝታ ነው። ደንበኛው ወስዶ ሞክሮታል። «እንዴት ነው?» ትሉታላችሁ። «በጣም አሪፍ! እጅህ ይባረክ!» ይላል። ልጁ ደስ ብሎት ሁለተኛውን በዚያው ልክ ይሠራል። በዓመቱ ሰውየው ሲመጣ ሌላ ሱቅ የተገዛ ዘንግ ይዟል።

ሰው ዓይናችሁን እያየ ዘንጋችሁ አይረባም አይላችሁም። በተለይ ቡና ጠጥቶ ከሄደ በኋላ። ስለዚህ ጥያቄውን ለውጡ። ጥሩ ነው ወይ አትበሉ። የቱን ሉር ስትወረውር ክርህ ተተበተበ? አምስት ሰዓት ሙሉ ከወረወርክ በኋላ የቱ ጋ አመመህ፣ አንጓህን ወይስ ትከሻህን? የእጀታው ጭራ ልብስህን ያዘው? ስንት አሳ ነክቶ አመለጠ፣ በየትኛው ሉር? ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው እውነቱን ይመልሳል። ስለ ራሱ ቀን ነው የሚያወራው፤ እናንተን የሚያስቀይም አይመስለውም።

ቪዲዮም ጠይቁ፤ ስልክ ሁሉም አለው። ሲወረውር ከጎን ይቀረጽ። ዘንጉ የቱ ጋ እንደሚታጠፍ፣ ክርኑ የት እንደሚመታ ታያላችሁ። አንዱ ደንበኛ እጀታው «ልክ ነው» ብሎን ነበር። ቪዲዮው ላይ ግን ካያክ የሚባል ትንሽ ጀልባ ላይ ተቀምጦ በወረወረ ቁጥር የእጀታው ጭራ የተንሳፋፊ ሰደርያውን ይገጭ ነበር። ቆሞ ለሚወረውር የነደፍነው ርዝመት ነው፤ ለተቀመጠ ሰው ይበዛል።

ቢልጫ ያዘ ብሎ መደሰት

ቅዳሜና እሑድ ወደ ግድቡ ወርደን እንሞክራለን፤ ደስ ይላል። ቢልጫ ሉር ይመታል፣ ይሮጣል፣ ዘንጉን ያጎብጠዋል። ልጆቹ እየጮሁ ይመለሳሉ፦ «ተፈተነ!» አልተፈተነም። ባስ የሚደበቀው ሣርና የወደቀ ዛፍ ውስጥ ነው። አጥማጁ እንደያዘው ወዲያው ከሣሩ ማውጣት አለበት። ቢልጫ ግልጽ ውኃ ላይ ሲሮጥ ያያችሁት ስለዚያ ምንም አይነግራችሁም። ግድቡ ላይ መፈተን ያለባችሁ መወርወሩን ነው፦ በታዘዘው ሉር፣ በታዘዘው ክር፣ ወደ ተቀመጠ ዒላማ። አሳ ከመጣ ለእራት ነው። ጉማሬ ባለበት ዳርቻ ደግሞ ወደ ውኃው አትግቡ።

የቀሩት፣ በአጭሩ

በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር አትለውጡ፤ ቀለበቱንም እጀታውንም ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳ አታውቁም።

የዋንዛ እጀታ ያምራል፣ ደንበኛም ይወደዋል። ግን ሂርማታ መርካቶ ዛሬ የተገዛን እንጨት ነገ አትቦርቡሩ። በደንብ ይድረቅ። አለዚያ ማሞቂያ ያለበት የአሜሪካ ቤት ገብቶ ክረምቱን ሲያሳልፍ ይሰነጠቃል።

ሚዛን ሪል ከተገጠመ በኋላ ነው የሚታየው። ደንበኛው የቱን ሪል እንደሚጠቀም ሳታውቁ እጀታ አትቁረጡ።

ሻንጣውን አስቡ። የ7 ፉት ዘንግ 213 ሴንቲሜትር ነው። ብዙ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት ርዝመት፣ ስፋትና ቁመቱ ተደምሮ 158 ሴንቲሜትር ነው። አንድ ወጥ ዘንግ ሠርታችሁ ሰውየውን ቦሌ ላይ አታስለቅሱት። ከመጀመሪያው ለሁለት የሚከፈል ብላንክ እዘዙ፤ የተጠናቀቀን ዘንግ በመጋዝ ቆርጦ የሚቀጥል ልጅ አይቻለሁ፣ አትጠይቁኝ።

ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ግድቡ ላይ ስትሞክሩ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ዘንጉን አስቀምጣችሁ መኪና ውስጥ ግቡ። የመብራት ሽቦ ባለበትም አትወርውሩ።