የፊዚክስ ላብ ስናሠራና ስናርም የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንድ ጊዜ የፔንዱለም (በክር ታስሮ የሚወዛወዝ ድንጋይ) ላብ አሠርቼ የ12 ቡድን ሪፖርት ሰበሰብኩ። 12ቱም የስበት ፍጥንጥነትን፣ “ጂ” የምንለውን፣ 9.8 አድርገው ጽፈዋል። ደስ አለኝ። ማታ ሳርም የሁለቱን ቡድኖች ሰንጠረዥ ራሴ አሰላሁት። የአንዱ ዳታ 10.8፣ የሌላው 9.4 ነው የሚሰጠው። ልጆቹ መልሱን ከመጽሐፍ ወስደው ከታች ጽፈውታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ላብ የማሠራበትንም የማርምበትንም መንገድ ቀየርኩ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እነዚህ ላይ ይመስለኛል።

ለመጨረሻው ቁጥር ማርክ መስጠት

ከሁሉም የሚብሰው ይኼ ነው። 9.8 ላመጣ ሙሉ፣ 10.8 ላመጣ ግማሽ ከሰጠን፣ ልጆቹ የሚማሩት ዳታ መፈብረክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፣ ከተማው ከፍታ ላይ ስላለ። ቴርሞሜትሩ 92 እያሳየው ማርክ ፈርቶ 100 ብሎ የሚጽፍ ልጅ አለ። ያየውን የጻፈው ልጅ ነው ሙሉ ማርክ የሚገባው።

የተሳሳተ ቁጥር ራሱ ብዙ ይናገራል። 10.8 ያመጣው ቡድን ድንጋዩን ሲለቅ “አንድ” ብሎ መቁጠር ጀምሮ ነበር። “ዜሮ” ነው መባል ያለበት። ስለዚህ 20 ምልልስ (ሄዶ መመለስ) ያለው በእውነት 19 ነው፣ እሱም ጂን ወደ 10.8 ይወስደዋል። 9.4 ያመጣው ደግሞ እስከ ድንጋዩ መሃል መለካት ሲገባው ክሩን እስከ አናቱ ብቻ ለክቷል። ከ50 ሳንቲ ሜትር ላይ 2 ሳንቲ ሜትር መርሳት ለዚህ ይበቃል። ተማሪው ይህን ራሱ ደርሶበት ከጻፈ፣ እኔ 9.8 ብሎ ብቻ ከጻፈው የበለጠ ማርክ እሰጠዋለሁ።

አንድ ምልልስ ብቻ ማስለካት

50 ሳንቲ ሜትር ክር አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ 1.4 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። እጃችን ስቶፕዎች ሲጫን 0.2 ሰከንድ ቢዘገይ ወይም ቢቀድም ከ10 በመቶ በላይ ስህተት ነው። ጂ ላይ ሲደርስ ደግሞ እጥፍ ይሆናል። 20 ምልልስ ቢለኩ ግን ያው 0.2 ሰከንድ ለ28 ሰከንድ ይከፋፈላል፣ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። ይህን በቃል ከመንገር ሁለቱንም አሠርቶ ማወዳደር ይሻላል። ድንጋዩንም ብዙ ገፍተው እንዳይለቁት፤ ከክሩ ርዝመትና ከጊዜው ጂን የምናሰላበት ቀመር የሚሠራው ለትንሽ አንግል ነው።

“ዕቃ የለም” ብሎ መተው

60 ተማሪ ይዞ አራት የተሟላ ስብስብ ብቻ ያለው መምህር ብዙ ነው። 15 ልጅ አንድ ጠረጴዛ ከቦ ሁለቱ ይሠራሉ፣ የቀሩት ያያሉ። ለፔንዱለም ግን ሲባጎና ድንጋይ ይበቃል። ሰዓቱ ከስልክ ይገኛል፣ ክሩም ከዴስክ ጠርዝ ላይ ይታሰራል። አምስት አምስት ልጅ ያላቸው 12 ቡድኖች ማድረግ ይቻላል።

“ቲቸር፣ የድንጋዩ መሃል የት ነው?” ብለው ይጠይቃሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ድንጋይ ድቡልቡል አይደለምና። መልሱ ግራፍ ላይ ነው። ክሩን 20፣ 30፣ 40፣ 50 እና 60 ሳንቲ ሜትር እያደረጉ ጊዜውን ይለኩ። የአንድ ምልልስን ጊዜ ካሬ ከክሩ ርዝመት ጋር በግራፍ ያስቀምጡ። የድንጋዩ መሃል ባይታወቅም መስመሩ ወደ ላይ ይነሳል እንጂ ስሎፑ (የመስመሩ ዝንባሌ) አይለወጥም። ጂ የሚወጣው ከስሎፑ ነው። ይህን ያየ ተማሪ ግራፍ ለምን እንደምንሠራ ይገባዋል።

ሥራውን ለአንድ ጎበዝ ልጅ መተው

በየቡድኑ አንድ ልጅ ሁሉን ይሠራል፣ ማርኩን ግን አምስቱ ይካፈሉታል። ሥራው አምስት ነው፤ ክር መለካት፣ ድንጋይ መልቀቅ፣ መቁጠር፣ ሰዓት መያዝ፣ መመዝገብ። ርዝመቱም አምስት ነው። ርዝመት በተቀየረ ቁጥር ሥራ ይቀያየሩ፣ ሁሉም ሁሉን ይነካል።

ሪፖርት ብቻ ማረም

ሪፖርት ይኮረጃል። እኔ ከ10 ማርክ 4ቱን እዚያው ላብ ውስጥ እሰጣለሁ። እየዞርኩ ከየቡድኑ አንዱን እጠይቃለሁ፤ “ይቺ ነጥብ ከመስመሩ ለምን ወጣች?” 3 ለሰንጠረዡ ነው፣ ዩኒት ከሌለው እቀንሳለሁ። 3 ደግሞ ለግራፉና ለማብራሪያው። ሰንጠረዡን በእስክሪብቶ እንዲጽፉ አደርጋለሁ፤ የተሳሳቱትን በአንድ መስመር ሰርዘው አጠገቡ ይጽፋሉ። ከመውጣታቸው በፊት እፈርምበታለሁ። ቤት ሄዶ “ማስተካከል” ቀረ።

ቀድሞ ሳይሞክሩ መግባት

የአንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ አጭር ነው። ከአንድ ቀን በፊት ራሳችሁ ሥሩት፣ በተለይ የኤሌክትሪክ ከሆነ። አሚተርን (የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያውን) ባትሪው ላይ በቀጥታ ያገናኘ ልጅ ፊውዙን፣ አንዳንዴም መሣሪያውን ያቃጥላል። ስለዚህ እኔ ሳላየው ማንም ማብሪያውን አይነካም። ካነበቡ በኋላም ወዲያው ያጥፉ፤ ሽቦው ሲሞቅ ሬዚስታንሱ ይለወጣል፣ ባትሪውም ያልቃል።

ደወሉ ሳይደወል 5 ደቂቃ ዕቃ ለመቁጠር አስቀሩ። ባትሪ ድንጋዮቹን ከመያዣቸው አውጡ። ውስጥ ከተረሱ ፈሳሻቸው ወጥቶ ብረቱን ይበላዋል፣ የሚቀጥለው ሴክሽን ሲመጣ አይሠራም።