«ተነሱና ተጫወቱ!» ብቻ አይበቃም

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ልጆቹ ሶፋው ላይ ተዘርግተው ስልክ ያያሉ። እኔም አጠገባቸው ተጋድሜ የራሴን ስልክ እነካካለሁ። «ኧረ ተነሱና ውጡ!» አልኩ። ትንሿ ቀና ብላ አየችኝና «አንተስ?» አለች። ምን ልበል?

ልጆቻችንን እንዲንቀሳቀሱ ለማድረግ ስንሞክር የምንሠራው የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ልጅን ልኮ ራስ መቅረት። ልጅ የሚያየውን እንጂ የሚባለውን አይሠራም። ጫማችንን አጥልቀን በሩ ላይ ብንቆም ያለ ጭቅጭቅ ይከተሉናል።

«እኛ በእናንተ ዕድሜ...» ብሎ መጀመር

ኃይሌ ገብረሥላሴ በልጅነቱ አሰላ አካባቢ ትምህርት ቤት የሚሄደው 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ነበር። ሲሮጥ ግራ እጁ ታጠፍ የሚለውም ያኔ ደብተር ይይዝበት ስለነበር ነው ይባላል። ድንቅ ታሪክ ነው። ግን በሰርቪስ ሄዶ በሰርቪስ ለሚመለስ ልጅ ሲነገረው ወቀሳ ይሆንበታል። ኃይሌ «ስፖርት ልሥራ» ብሎ አልነበረም የሚሮጠው፤ እንዳይረፍድበት እንጂ። የእኛን ልጆች መንገድ የወሰድንባቸው ራሳችን ነን። ስለዚህ ትንሽ እንመልስላቸው። ዳቦ ለመግዛት አብረን በእግር እንሂድ። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመን እንውረድ።

ሁሉንም ለእሁድ ማጠራቀም

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመክረው በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሞቅ ያለ እንቅስቃሴ ነው። በአንድ ትንፋሽ ይለቅ አላለም፤ 15 ጠዋት፣ 20 ከሰዓት፣ የቀረው ማታ ቢሆን ያስኬዳል። እኛ ግን ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጦ የከረመን ልጅ እሁድ ጠዋት እንጦጦ ዳገት ላይ እንለቀዋለን። ከተማው ራሱ ከፍታ ላይ ነው፤ እንጦጦ ሲደርሱ አየሩ ይብስ ይሳሳል። ልጁ ግማሽ ሳይደርስ ያለከልካል። በሚቀጥለው እሁድ «ሆዴን አሞኛል» ቢል አይፈረድበትም።

ካልተከፈለበት አይቆጠርም ማለት

ቴኳንዶም ዋናም ጥሩ ነው፤ አቅሙ ካለ። ሰኞ ማክሰኞ ለመጫወት ግን አንድ ቁራጭ ጠመኔ ይበቃል። ሱዚ ለመዝለል ላስቲክ፣ ለአኩኩሉ ደግሞ ምንም። እንዲህ ያለው ዝላይ አጥንት ያጠነክራል። ዝናብ ከሆነ ሙዚቃ ተከፍቶ ሳሎን ውስጥ እስክስታ ነው። አባት ሲመታ ልጆች በሳቅ ይፈርሳሉ፤ ያም እንቅስቃሴ ነው።

ሴቶቹን ወጥ ቤት ማስቀረት

ይህ ያናድደኛል። ወንዱ ኳስ ይዞ ሲወጣ «ቶሎ ተመለስ» ይባላል። እህቱ ደግሞ «ነይ ሽንኩርት ክተፊ»። 10፣ 11 ዓመት ሲሞላት ጭራሽ «አሁንማ ትልቅ ሴት ሆነሻል» ይመጣል። ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ካመጣች ከ30 ዓመት በላይ ሆነ! ሽንኩርቱን ሁለቱም ይክተፉ፣ ኳሱንም ሁለቱም ይጫወቱ። ሰፈሩ ያሰጋል ከተባለ ደግሞ እናት ወይም አባት አብሮ ይውጣ።

በቁጭ ብድግ መቅጣት

ብዙዎቻችን በዚህ ተቀጥተናል። ላጠፋ ልጅ «50 ቁጭ ብድግ!» ካልን በኋላ ስፖርት ውደድ ማለት ዘበት ነው።

ማወዳደርም ያው ነው። «ወንድምህ ይቀድምሃል» የተባለ ልጅ ውድድሩን ይተወዋል እንጂ ፍጥነት አይጨምርም። ልብሱ ቆሸሸ፣ ብርድ መታው ለሚለው ደግሞ ሹራብና ሳሙና አለ።

እኛ ቤት አሁን የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እስከ አራተኛ ፎቅ እንሽቀዳደማለን። ትንሿ ሁሌም ትቀድመኛለች። ላይ ደርሳ ቁልፍ እስካመጣ በር ላይ ትጠብቀኛለች፤ እኔ ገና ሦስተኛው ላይ ግድግዳ ይዤ አለከልካለሁ።