የዘይት ፓምፕ ለተጎለበተ ሞተር፦ ከምልክቱ ተነስቶ ትክክለኛውን መምረጥ

ጉልበት የተጨመረለት ሞተር ላይ የዘይት ግፊት ሲወርድ ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ትልቅ ፓምፕ መግዛትን ነው። ገንዘብም ሞተርም የሚባክነው እዚሁ ላይ ነው። ፓምፕ ዘይት ይገፋል እንጂ ግፊት አይፈጥርም። ግፊት የሚመጣው የተገፋው ዘይት በቤሪንጎቹ (የሞተሩ ዋና ዘንግ የሆነው ክራንክሻፍት በሚዞርባቸው መቀመጫዎች) ጠባብ ክፍተት ውስጥ ለማለፍ ሲታገል ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ወይም ፓምፑ ከዘይት ጋር አየር እየሳበ ከሆነ የፓምፑ ትልቅነት ብቻውን አያድንም።

ስለዚህ አንድም ቡሎን ሳይፈታ በፊት ሜካኒካል ጌጅ በግፊት ሴንሰሩ ቀዳዳ ላይ ይገጠም። የዳሽቦርድ መብራት አይታመንም፤ ብዙ ጊዜ የሚበራው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ዘይቱ 90 ዲግሪ ያህል እስኪሞቅ ጠብቃችሁ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር)፣ በደቂቃ በ3000 እና በ6000 ዙር ያለውን ጻፉ። የቆየው መለኪያ ለእያንዳንዱ 1000 ዙር 10 ፒኤስአይ (እንደ ባር ሁሉ የግፊት መለኪያ) ነው፤ በ6000 ዙር 4 ባር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። የሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ካለው ግን እሱ ይቀድማል።

ምልክት፦ ሲሞቅ በሚኒሞ ይወርዳል፣ ዙር ሲጨመር ይመለሳል

መጀመሪያ ዘይቱን አሽትቱ። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ቀጥኗል፤ ችግሩ ያለው ነዳጁ ላይ ነው። ዘይቱ ደህና ከሆነ የቤሪንግ ክፍተት ይለካ። ለ50 ሚሊ ሜትር ጆርናል (በቤሪንጉ ውስጥ የሚዞረው የክራንክሻፍቱ ክፍል) 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ጥሩ መነሻ ነው። ክፍተቱ የሰፋው በመበላት ከሆነ ቤሪንግ ይቀየር፤ ፓምፕ መቀየር በሽታውን መሸፈን ነው። ለከባድ ሥራ ተብሎ ሆን ተብሎ ሰፋ ተደርጎ የተሠራ ሞተር ከሆነ ግን ብዙ ዘይት የሚገፋ ፓምፕ ትክክለኛ ምርጫ ነው። እንዲህ ያለው ፓምፕ ጥርሱ ወይም ሮተሩ (ውስጡ እየዞረ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ወፈር ስለሚል ብዙ ጊዜ ከመደበኛው 20 እስከ 25 በመቶ ያህል የበለጠ ይገፋል።

የፓምፑን መበላት ለማወቅ ክዳኑን ፈትታችሁ ቀጥ ያለ ብረት በቤቱ ላይ አጋድሙና ከሮተሩ ጋር ያለውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ውፍረታቸው የታወቀ ስስ የብረት ቅጠሎች) ለኩ። በብዙ ፓምፖች ከ0.1 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። ክዳኑ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለም ፓምፑ አብቅቶለታል።

ምልክት፦ ዙር ሲወጣ ግፊቱ ይወርዳል፣ መርፌው ይንቀጠቀጣል

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው በዚህኛው ነው። በሚኒሞ ደህና ሆኖ ከ5000 በላይ የሚወርድ ግፊት የሚናገረው ስለ ፓምፑ መግቢያ ነው፤ ፓምፑ የሚገፋውን ያህል ዘይት አልደረሰውም ወይም አረፋ እየሳበ ነው። ዘይቱን ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት መያዣ (ኮፓ) ወደ ፓምፑ በሚያመጣው በዚያው መሳቢያ ቱቦ ላይ ትልቅ ፓምፕ ቢገጠም ረሃቡ ይብሳል።

የጄኔራል ሞተርስ ኤልኤስ ሞተሮች ላይ ቱቦው ከፓምፑ ጋር የሚገናኝበት ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) የታወቀ ተጠርጣሪ ነው። ሲገጠም ከተቆነጠጠ ወይም ውፍረቱ ለቱቦው ካልሆነ አየር ያስገባል። ኮፓው ሳይወርድ ለመለየት ኦሪንጉ በዘይት እንዲዋጥ ከመጠኑ በላይ 1 ሊትር ያህል ጨምራችሁ በዝግታ ዙር ብቻ ጌጁን ተመልከቱ። ግፊቱ ከተሻሻለ ጥፋተኛው ተገኘ፤ ትርፉን ዘይት ወዲያው አፍስሱ።

ቀጥሎ የመሳቢያው አፍ ከኮፓው ወለል ያለው ርቀት ነው፤ ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይሁን። ለመለካት የመሳቢያው አፍ ላይ የልጆች መጫወቻ ጭቃ ለጥፉ፣ ኮፓውን ከነጓርኒሽኑ ግጠሙት፣ መልሳችሁ አውርዱና የተጨፈለቀውን ጭቃ ውፍረት ለኩ። ከጠበበ መሳቡ ይታነቃል፣ ከሰፋ ደግሞ ፍሬን ሲያዝ አየር ይገባል።

ግፊቱ የሚወድቀው ኩርባ ላይ ብቻ ከሆነ ፓምፑን ተዉት። መፍትሄው ዘይቱ ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚከለክል ክፍልፋይ ያለው ኮፓ ነው፤ ለውድድር ደግሞ ድራይ ሳምፕ፣ ማለትም ዘይቱ ከኮፓው ውጪ በተለየ ጋን የሚቀመጥበት ዘዴ።

ምልክት፦ ግፊት በድንገት ዜሮ

ሞተሩን በዚያችው ሰከንድ አጥፉ። በክራንክሻፍቱ አፍንጫ በቀጥታ የሚዞሩ ፓምፖች፣ በተለይ የኒሳን አርቢ26 ሞተር ፓምፕ፣ የውስጥ ጥርሳቸው የሚሠራው ከተጨመቀ የብረት ዱቄት ስለሆነ ሞተሩ ከፍተኛ ዙር ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰነጠቃል። እዚህ የሚያስፈልገው ከጠጣር ብረት የተቀረጸ ጥርስ እንጂ ብዙ የሚገፋ ፓምፕ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ የአርቢ26 ክራንክሻፍቶች ፓምፑን የሚይዙበት ቦታ አጭር ስለሆነ በማሽን ሾፕ ሰፊ ቀለበት ይገጠምላቸዋል። ንዝረት የሚውጠው የክራንክሻፍት ፑሌጃ ወጥቶ በቀላል አሉሚኒየም ከተተካ እሱን መመለስ ግድ ነው፤ አለዚያ አዲሱም ጥርስ ይሰበራል።

ምልክት፦ ግፊቱ ከልክ በላይ ነው

ትርፉን የሚያስተነፍሰው ቫልቭ በቆሻሻ ተይዞ ይሆናል፣ ወይም ሳያስፈልግ ጠንካራ ሞላ ገብቶበታል። ትርፍ ግፊት የሞተሩን ጉልበት ይበላል፣ ዘይቱን ያሞቃል፣ በቀዝቃዛ ማስነሳት ፍልትሮውን ያሳብጣል። ቦል ቤሪንግ ቱርቦ ላይ ደግሞ ዘይት በሲሉ (ዘይቱን በሚያግደው ማኅተም) አልፎ ጭስ ያመጣል፤ ዘይት ወደ ቱርቦው በሚገባበት መስመር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ቀዳዳ ያለው ማጥበቢያ ያርመዋል። ብዙ የሚገፋ ፓምፕ ከገባ በኋላ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ውስጥ ዘይት ከተጠራቀመም መላው ያው ነው፦ ወደ ላይ የሚወጣውን ማጥበብ፣ የሚመለስበትን ማስፋት።

ሲገጠም

አዲስ ፓምፕ ደርቆ አይነሳም። የጥርሶቹን መሃል በቫዝሊን ሙሉት፤ ዘይት መሳብ እንዲጀምር ይረዳዋል፣ ከዚያም ይሟሟል። ግሪስ አታስገቡ። ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ ነዳጁንና እሳቱን ካቋረጣችሁ በኋላ ጌጁ እስኪነሳ በሞተሪኖ አዙሩ፤ በየ10 ሰከንዱ እረፍት ስጡት። 20 ሰከንድ ዞሮ መርፌው ካልተነቃነቀ መሳቢያውን እንደገና ፈትሹ እንጂ ለማስነሳት አትሞክሩ። ከመጀመሪያው 30 ደቂቃ ሥራ በኋላ ፍልትሮውን ቆርጣችሁ ወረቀቱን ዘርጉት። የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ ቤሪንጉ እየተበላ ነው፤ ሞተሩ እንደገና ይከፈት።