ጃፓን ገጠር ልትገቡ ላሰባችሁ፦ ከሩዝ ገበሬዎች መሃል እንዴት ይኖራል

ይሄን የምፅፈው በስራም ይሁን በትዳር ከቶኪዮ ወጥታችሁ ገጠር ለምትገቡ ነው። ምሳሌ የማደርገው ኒጋታ በሚባለው ክልል ውስጥ ያለችውን ማትሱዳይን ነው፣ ድሮ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ቶካማቺ ከተማ ተጠቃለለች። ተራራው ላይ በእርከን የተሰራ የሩዝ ማሳ አለ፣ ኮሺሂካሪ የሚባለው ሩዝ ይበቅልበታል፣ በብርዱ ወቅት ደግሞ በረዶው ቤት ይውጣል።

መጀመሪያ የቤት ነገር። ባዶ ቤት ሞልቷል፣ በ2023 በተደረገው የቤቶች ጥናት በመላ ጃፓን 9 ሚሊዮን ገደማ ሰው የማይኖርበት ቤት ተገኝቷል። ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች አኪያ ባንክ የሚባል የባዶ ቤት ዝርዝር አላቸው፣ ከዛ ፈልጉ፣ ግን ዋጋው ረከሰ ብላችሁ አትቸኩሉ፣ ቤቱን ፌብሩዋሪ ላይ ሄዳችሁ እዩት፣ ሜይ ላይማ የትኛውም ቤት ያምራል። የጣሪያውን በረዶ ማን እንደሚያወርደው፣ መንገዱን በረዶ ጠራጊ ማሽን ይደርስበት እንደሆነ ጠይቁ። መኪና የግድ ነው፣ ገበሬው ሁሉ የሚይዛት 660 ሲሲዋ ትንሿ ነጭ ኬይ ትራክ ትበቃለች። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ካላችሁ የፅሁፍና የመንዳት ፈተና ወስዳችሁ ነው የምትቀይሩት፣ ፈቃዱን ካወጣችሁ በኋላ ቢያንስ 3 ወር ኢትዮጵያ መኖራችሁንም ማሳየት አለባችሁ፣ ስለዚህ የድሮ ፓስፖርታችሁን አትጣሉት።

እንደገባችሁ በዛው ሳምንት ፎጣ ወይም ብስኩት ቢጤ ይዛችሁ ጎረቤት ጋ ሂዱ፣ በሁለቱም ጎን ያሉትና ፊት ለፊት ያሉት ሶስት ቤቶች በልማድ የግድ ናቸው። ስም ተናገሩ፣ ዮሮሺኩ ኦነጋይሺማስ (አደራ እንደማለት ነው) በሉ፣ ጎንበስ በሉ፣ በቃ። ግቡ ካልተባላችሁ በር ላይ ነው የሚያልቀው፣ ቅር አይበላችሁ።

ቀጥሎ ቾናይካይ አለ፣ የሰፈሩ ማህበር፣ እድር በሉት፣ መዋጮም ተራም አለው። ካይራምባን የሚባል ማስታወቂያ የተያያዘበት ሰሌዳ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፣ እናንተ ጋ ሲደርስ አንብባችሁ ፈርማችሁ በዛው ቀን ለሚቀጥለው ስጡ፣ እናንተ ጋ ካደረ ከናንተ በታች ያለው ሁሉ ወሬውን ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ማንበብ ካልቻላችሁ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አስተርጉሙት። ቆሻሻም እንደዚሁ፣ ማዘጋጃ ቤቱ በወሰነው ከረጢት፣ በተባለው ቀን፣ ጠዋት ነው የሚወጣው፣ ማታ ካወጣችሁት ቁራ ይበታትነዋል።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ የጋራ ስራ ቀን አትቅሩ። ሰው እናንተን የሚያውቃችሁ በጃፓንኛችሁ ሳይሆን በዛ ቀን በመገኘታችሁ ነው። ሩዝ ከመተከሉ በፊት የመስኖው ቦይ ደለልና ቅጠሉ ይጠረጋል፣ በሙቀቱ ወራት ደግሞ የመንገድና የማሳ ዳር ሳር ይታጨዳል። ውሃው ከላይኛው ማሳ ወደታችኛው ነው የሚወርደው፣ አንድ ቦታ ከተደፈነ ከታች ያለው ሁሉ ይደርቅበታል፣ ለዛ ነው ይሄን ያህል የሚጠነቀቁት። በዛ ላይ በ2020ው የጃፓን የግብርና ቆጠራ እርሻን ዋና ስራቸው ያደረጉ ገበሬዎች አማካይ እድሜ 67.8 ነበር፣ ሰማንያ ያለፋቸው ሰዎች አካፋ ይዘው ቦይ ውስጥ ሲወርዱ የአንድ ጎልማሳ ክንድ ምን ያህል እንደሚያግዝ አስቡት፣ እኔ በበኩሌ ለነዚህ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ቃል ያጥረዋል። ቦት ጫማ፣ ጓንት፣ አካፋ ይዛችሁ ከሰዓቱ አስር ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ፣ ምን እንደሚሰራ ባታውቁ ጎናችሁ ያሉትን አዛውንት አይታችሁ እሳቸው የሚያደርጉትን አድርጉ።

ማሳ ላይ ሁለት ነገር አትንኩ። አንዱ ውሃ የሚከፈት የሚዘጋባት ሳንቃ ናት፣ ትርፍ ውሃ የሚፈስ ቢመስላችሁም ባለቤቱ አስቦበት ነው። ሁለተኛው የማሳው ጠርዝ፣ ሆሺቶጌ በሚባለው የማትሱዳይ የእርከን ማሳ ላይ ጎህ ሲቀድ እርከኑን ፎቶ ሊያነሳ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው፣ ግን ጠርዙ ውሃውን ይዞ የቆመ ጭቃ ነው፣ ረግጣችሁ ከናዳችሁት የሰው ድካም ነው አብሮ የሚሄደው። ከመንገዱ ሆናችሁ አንሱ።

አንድ ቀን በራችሁ ላይ ዱባ ወይ ኪያር ተቀምጦ ታገኛላችሁ፣ የሰጠው ሰው ስሙን ላይፅፍ ይችላል። ማን እንደሆነ አጣሩና ስታገኙት አመስግኑ፣ ወዲያው በትልቅ ስጦታ አትመልሱ፣ እሱ ያስጨንቃቸዋል። ቆየት ብላችሁ ትንሽ ነገር ውሰዱ፣ የኛ ቡና በጣም ጥሩ ነው፣ ሞካ በሚለው ስም ብዙዎቹ ያውቁታል፣ ግን ጥሬውን ሳይሆን ተቆልቶ የተፈጨውን ስጧቸው።

በየመንደሩ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፣ አመሻሽ ላይ ሙዚቃ ቢሰማ አትደንግጡ ሰዓት ነው የሚናገረው፣ ነገር ግን የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የጎርፍና የድብ ማስጠንቀቂያም የሚመጣው በዛው ነው፣ ስለዚህ ዜማውን ለዩት።

በረዶ ሲመጣ ቀልድ የለም፣ ቶካማቺ ላይ በ1945 ፌብሩዋሪ 425 ሴንቲሜትር ተለክቷል። ጣሪያ ላይ ለብቻችሁ አትውጡ፣ ሄልሜትና ገመድ ይኑር፣ ከታች ሰው ይቁም፣ በየአመቱ በረዶ ሲያወርዱ ወድቀው የሚሞቱ አሉ። ያወረዳችሁትን መንገድ ላይ አትጣሉ፣ በረዶ የሚወስደው የውሃ ቦይ ካለ ደግሞ ለሰፈራችሁ በተመደበው ሰዓት ብቻ ነው የሚከተተው፣ ሁሉም አንዴ ከጣለ ይዘጋና ውሃው ቤት ይገባል። በብርዱ ወራት አገር ቤት ልትሄዱ ከሆነ ለሰፈሩ ሃላፊ ቀድማችሁ ንገሩ፣ የጣሪያውን በረዶ ለሚያወርድላችሁ ሰውም ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋግራችሁ ክፈሉ።